ይከፍለኝ ነበር ወይስ ይቀፍለኝ ነበር? (ስለ አንድ የ75 ሺህ ብር ስፒከር)

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ዞር እንበል። ስለ ስፒከር ልጽፍላችሁ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሰካው ስፒከር። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ለላፕቶፕ ውድ ስፒከር መግዛት ያዋጣል ወይስ ገንዘብ ማቃጠል ነው? መልሱን ለማግኘት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። መነሻው ደግሞ የማፍርበት ስህተት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ከጥቂት ወራት በፊት በግንባታ ሥራ ስለተሰማሩ የቀን ሠራተኞች አንድ ዘገባ ሠርቼ ነበር። ካነጋገርኳቸው መካከል አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አለ። ስሙን አልጠቅስም። ያነጋገርኩት እዚያው ሳይቱ ላይ፣ ሚክሰሩ እየዞረ፣ ስልኬን በእጄ ይዤ እየቀዳሁ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ቅጂውን ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩና ቃል በቃል መገልበጥ ጀመርኩ። ልጁ ስለ ካቦው ሲናገር «ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፍለኝ ነበር» ይላል። ቅዳሜ የቀን ሠራተኛ ሒሳቡን የሚቀበልበት ቀን ነው፤ የሚያጠራጥር ነገር አልታየኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ዘገባው በሙሉ ስለተበሉ ደመወዞች ስለነበር «ሁሉም ካቦ አንድ አይደለም» ለማለት፣ ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ተጠቀምኩበት። ጻፍኩት። ወጣ።

በማግስቱ ልጁ ደወለ። «ጋሼ፣ እኔ እንዲህ አልኩ እንዴ?»

ያለው «ይቀፍለኝ ነበር» ነው። ካቦው በየቅዳሜው ከሒሳቡ ላይ ይቆርጥበት እንደነበር፣ እምቢ ካለ ሰኞ ሥራ እንደማያገኝ እያስፈራራው እንደኖረ ነው የነገረኝ። እኔ አንዲት ፊደል ቀይሬ ቀፋዩን ከፋይ አደረግኩት። ካቦው ጽሑፉን በስልኩ ይዞ «ጋዜጠኛው ራሱ መስክሮልኛል» እያለ ለሠራተኛው ሁሉ ያሳያል። ልጁ ቀደም ሲል ለአሠሪው ቢሮ ቅሬታ አስገብቶ ስለነበር፣ ይኸው ጽሑፍ እዚያም ተነበበለት። አዘጋጁ በዚያው ቀን እርማት አወጣ። ስክሪንሾት ግን እርማት አይደርሰውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ማታ ከራሴ ይልቅ በላፕቶፔ ነው የተናደድኩት። ቅጂውን ደጋግሜ ከፈትኩት። እሱ ምን እንዳለ ካወቅኩ በኋላ እንኳ ከዚያ ስፒከር የሚወጣው ድምፅ ወደ «ክ» ይሁን ወደ «ቅ» እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ጥፋተኛው ተገኘ፤ ስፒከሩ!

*

ላፕቶፑንም ቢሆን ያለ ምክንያት አልወቀስኩትም። እስኪ ላፕቶፓችሁን ገልብጡና እዩት። የብዙዎቹ ስፒከር ከሥር ነው ያለው፤ ድምፁ ጠረጴዛው ላይ ተነጥሮ ነው ወደ ጆሯችን የሚመጣው። ጠረጴዛው ላይ ጋቢ ወይም አልጋ ላይ ፍራሽ ካለ ደግሞ ይታፈናል። የስፒከሩ መጠን ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል ይባላል፤ እንዲህ ዓይነት ትንሽ ስፒከር ግን ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዝ የምንለውን፣ ከሞላ ጎደል ይጥለዋል። ቤዝ ማለት አየር መግፋት ነው፤ አየር ለመግፋት ደግሞ ስፋት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የላፕቶፑ ፋን ራሱ እየጮኸ ነው።

አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ስፒከር የሚመች ቋንቋ አይደለም። «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ» የመሳሰሉት፣ ከጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱት ድምፆች፣ ከ«ከ»፣ ከ«ተ»፣ ከ«ቸ» የሚለዩት በቅጽበት ነው። አንዲት አጭር ፍንዳታ አለች፤ ከእሷ በኋላ ደግሞ የዓይን ጥቅሻ የማታክል ዝምታ። «መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት በዚያች ቅጽበት ነው። ሚክሰሩ ያንን ዝምታ ከሞላው፣ ከዚያ ደግሞ የጠረጴዛው ነጸብራቅ ከደረበበት፣ ጆሮ ይገምታል። የሚገምተው ደግሞ የጠበቀውን ነው። ቅዳሜ፣ ካቦ፣ ሒሳብ። «ይከፍለኝ ነበር»።

እናም ወሰንኩ። ከዚህ በኋላ በላፕቶፕ ስፒከር ሥራ አልሠራም! በዚያ ሰሞን ከአንድ ትልቅ የትርጉም ሥራ 80 ሺህ ብር እጄ ገብቶ ነበር። ለነጻ ጋዜጠኛ እንዲህ ዓይነት ገንዘብ በዓመት አንዴ ከመጣ ትልቅ ነገር ነው። መገናኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ስቱዲዮ የሚጠቀምባቸው ዓይነት ጥንድ ስፒከሮች አየሁ። 75 ሺህ ብር። የምከፍለው የቤት ኪራይ በወር 15 ሺህ ስለሆነ በእኔ ቋንቋ ዋጋው አምስት ወር ነው። ሻጩ «ኦርጅናል ነው፣ የዱባይ አይደለም» አለኝ። የዱባዩን ለይቼ ስለማላውቅ ራሴን ነቀነቅኩ።

እግረ መንገዴን ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልበል፣ እዚህ ቻናል ላይ ብር ሳይነሳ አያልቅምና። በሐምሌ 2016 መጀመሪያ በባንክ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሬው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 300 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ 17,100 ብር የነበረው 30 ሺህ ገባ ማለት ነው፤ ዕቃው አልተሻሻለም፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍም ገና አልተጨመረበትም። የቁንጮዎቹን ዋጋ ደግሞ ባንነጋገርበት ይሻላል። ለምሳሌ ኬኢኤፍ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ኤልኤስ50 ዋየርለስ 2 የሚባለው ጥንድ ሲወጣ ወደ 2,500 ዶላር ነበር። ያንን ኮምፒውተሩ አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ዓለም ላይ ሞልቷል። እኔ ደግሞ ያንን በብር ሳሰላ ካልኩሌተሩን ዘግቼ ቡና አፈላሁ።

«ከአሜሪካ ዘመድ ያምጣልህ» የሚል ምክርም መጥቶልኝ ነበር። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በበጋ ትመጣለች። መንገደኛው የሚፈቀድለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ነው፤ ጥንድ ስፒከር ከነካርቶኑ የአንዱን ሻንጣ ግማሽ ይወስዳል። ያ ግማሽ ሻንጣ ደግሞ የእናቷ መድኃኒት፣ የሦስት ሕፃናት ጫማ፣ የጎረቤት አደራ የሚገባበት ነው። መጠየቁም አሳፈረኝ። በዚህ መንገድ ልታስመጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ግን አንድ ነገር እወቁ፦ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ከጀርባው ሁለቱንም እንደሚቀበል ሳታነቡ ከሰካችሁት ዕቃውን በአንድ ሰከንድ ታቃጥሉታላችሁ።

*

ከመግዛቴ በፊት ስቱዲዮ ያለው አንድ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። ሙዚቃ ያቀናብራል፣ የማስታወቂያ ድምፅ ይቀርጻል። «ገንዘብህን ከማፍሰስህ በፊት ና ስማ» አለኝ።

የሰማሁትን ላጣጥል አልችልም። ውድ ስፒከር ማታለያ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አይደለም። ጓደኛዬ የዓለሙ አጋን በገና ከፈተልኝ። ኢትዮጲክስ በሚባለው፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባዘጋጀው ተከታታይ የሲዲ ሥራ ውስጥ 11ኛው ቅጽ የእሳቸው ነው። በገና አሥር አውታር አለው፤ ያ የሚርገበገብ፣ የሚነዝር ድምፁ የሚመጣው ከአውታሩ ሥር ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። በላፕቶፕ ስሰማው የኖርኩት ንዝረቱን ብቻ ነበር። አእምሮ ብልህ ነው፤ የወፍራሙ ድምፅ መሠረት ሲጎድል ከላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ሰብስቦ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል፤ ስለዚህ የጎደለ ነገር እንዳለ እንኳ አታውቁም። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የበገናው እንጨት ይሰማል። ድምፃቸው ከፊት ለፊቴ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ይመስል፣ ቀኝም ግራም ሳይሆን መሐል ላይ ተቀመጠ። ዓቢይ ጾም ላይ አያቴ ቤት ሬዲዮ አጠገብ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ጓደኛዬ እስኪጨርስ ምንም አላልኩም።

ከዚያ የልጁን ቅጂ አስከፈትኩት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ይቀፍለኝ ነበር»። ግልጽ! «ቅ» ናት፣ ምንም አያከራክርም። «አየህ!» አልኩት። «ስፒከሩ ነው የጎዳኝ!»

ጓደኛዬ ሳቀ። ከመሳቢያው ከስልክ ጋር በነጻ የሚሰጠውን ዓይነት ባለሽቦ ኢርፎን አወጣና ላፕቶፔ ላይ ሰካው። «አሁን ስማ» አለኝ። ሰማሁ። «ይቀፍለኝ ነበር»። እንደዚያው ግልጽ። የ300 ብር ኢርፎን።

ከዚያ የባሰ መጣ። ኢርፎኑን ነቀለና በላፕቶፑ ስፒከር ከፈተው፤ ያው፣ ያ አሮጌው። «አሁንስ?» አሁንም «ይቀፍለኝ ነበር» ይላል! ያን ዕለት ማታ ደጋግሜ ከፍቼ ያልተለየኝ ቃል፣ በጥሩ መሣሪያ ሁለት ጊዜ ከሰማሁት በኋላ በመጥፎውም ተሰማኝ። ጆሮዬ ምን እንደሚጠብቅ ስለተነገረው አገኘው።

ይህ የእኔ ጉድ ብቻ አይደለም። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የሚባሉ ሁለት የድምፅ ተመራማሪዎች፣ ጄቢኤል የሚባለውን ስፒከር በያዘው በሃርማን ኩባንያ ውስጥ እየሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ ሙከራ አቅርበው ነበር። የድርጅቱን ሠራተኞች አንዴ ስፒከሮቹን እያዩ፣ አንዴ ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቀውባቸው እንዲያዳምጡና ነጥብ እንዲሰጡ አደረጉ። እያዩ ሲሰሙ ትላልቆቹና ውዶቹ ነጥባቸው ከፍ አለ፤ ትንሹና ርካሹ ዝቅ አለ። መጋረጃው ሲጋረድ ልዩነቱ ጠበበ፣ ደረጃውም ተለዋወጠ። እነዚህ ሰዎች ከስፒከር እንጀራ የሚበሉ ናቸው፤ ዓይናቸው ጆሯቸውን አሸነፈው። ተመራማሪዎቹ «ሁሉም ስፒከር አንድ ነው» አላሉም። ጥሩ ስፒከር አለ፣ በመጋረጃም ጀርባ ይለያል። ዋጋው ግን ጥራቱን አይነግራችሁም።

*

እኔ አሁንም አልተመለስኩም። ሰው አንዴ ዕቃ ከተመኘ ምክንያት አያጣም። «ለሥራው ባያስፈልግም ለሙዚቃው» አልኩ። ጓደኛዬ ነገሩ ስለገባው ከስቱዲዮው ትርፍ ጥንድ ስፒከሮች ለቅዳሜና እሑድ አዋሰኝ፤ መገናኛ ካየኋቸው ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተሸክሜ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ሙዚቃ አልነበረም። «እምምምም» የሚል ድምፅ ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀር ስነቅለው ይጠፋል፣ ስሰካው ይመለሳል። የኪራይ ቤታችን ማከፋፈያ ሦስተኛ ቀዳዳ አለው፣ ከጀርባው ግን የምድር ሽቦ የሚባል ነገር የለውም። ሥራዬን ሁሉ በባትሪ ልሠራ ነው? በደህና ጊዜ የማይሰማ ችግር ጥሩ ስፒከር ሲመጣ ይጋለጣል፤ ሥራው እሱ ነውና አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ችግር ክፍሉ ነው። ክፍሌ አራት ሜትር በሦስት ነው። 50 ኸርዝ የሚባለው የቤዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ቤዙ ክፍሌ ውስጥ አይመቸውም፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ያጓራል፣ በሩ ጋ ስቆም ይጠፋል። ጓደኛዬ ስቱዲዮ ግድግዳው በስፖንጅና በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነው ለጌጥ አልነበረም። ያ የሰማሁት በገና የስፒከሩ ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ የክፍሉ ነው። ክፍሉን ደግሞ መገናኛ አይሸጡትም።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። ቤዝ ብሎኬት አያግደውም። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስተኛውን ዘፈን ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ሲስተር ናት፣ ሌሊት ሥራ አድራ ገና መተኛቷ ነበር። አልተቆጣችም። «ወንድሜ፣ ሥራ ላይ ነህ መሰለኝ፣ ትንሽ ዝቅ ብታደርገው» አለች። ነጠላዋን እንደተከናነበች ዓይኗ ቀልቷል። ዝቅ አደረግኩት። ዝቅ ሲል ደግሞ የ75 ሺሁ ከ10 ሺሁ የሚለይበት ነገር አብሮ ዝቅ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ስሌት አለ። ድምፅ ግድግዳ በሌለበት ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሰው ከስፒከሩ 70 ሳንቲሜትር ቢርቅ ነው። ሳሎን ሶፋ ላይ 2 ሜትር ከ80 ርቆ ከሚቀመጠው ጋር ሲነጻጸር በሜዳው ስሌት የሚያስፈልገው ጉልበት አሥራ ስድስት ጊዜ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለጠረጴዛ ትልልቅና ጉልበታም ስፒከር መግዛት ለሁለት ሰው ቤት የሠርግ ድስት እንደመግዛት ነው።

አራተኛው ደግሞ የምንሰማው ነገር ራሱ ነው። እሑድ የምወዳቸውን የድሮ ዘፈኖች ዩቲዩብ ላይ ከፈትኩ። ብዙዎቹ ሰው ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ኤምፒ3 ያሻገራቸው ናቸው። በየመሸጋገሪያው የሆነ ነገር ቀርቷል። ጥሩው ስፒከር የካሴቱን ሹክታ፣ የተቀዳጁን ማይክ፣ የተቆረጠውን መጨረሻ ቁልጭ አድርጎ አቀረበልኝ። የምንሰማቸው የቴሌግራም የድምፅ መልእክቶችም ኦፐስ በሚባል መንገድ ተጨምቀው ነው የሚመጡት፤ ለንግግር እጅግ ጥሩ ነው። የስልክ ቃለ መጠይቅማ ይባስ፤ የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው። ያልተቀዳን ድምፅ የትኛውም ስፒከር አያመጣውም። እኔ ሚክሰር አጠገብ ስልኬን በእጄ ይዤ የቀዳሁትን ቅጂ የሁለት ሺህ ዶላር ስፒከር ቢያሰማኝ፣ ሚክሰሩን ነው አሳምሮ የሚያሰማኝ።

*

ስፒከሮቹን ስመልስ ጓደኛዬ አንድ ታሪክ ነገረኝ። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1978 ኤንኤስ-10 የሚባል ስፒከር አወጣ፤ ለሰው ሳሎን ታስቦ። የቤት አድማጩ ብዙም አልወደደውም፤ ቤዙ ያንሳል፣ ድምፁ ይሻክራል። የስቱዲዮ ባለሙያዎች ግን ያዙት። ያ ነጭ ሸክላ የመሰለ ፊቱ በየስቱዲዮው ፎቶ ላይ የሚታየው እሱ ነው። የወደዱት ስለሚያምር አይደለም፤ ስህተትን ስለማይሸፍን ነው። በእሱ ላይ ደህና የሆነ ሥራ ሌላ ቦታም ደህና ይሆናል አሉ። እኛ አገርም ያው ነው፤ ጓደኛዬ የጨረሰውን ዘፈን ውዱ ስፒከሩ ላይ ከሰማ በኋላ በፍላሽ ይዞ ወርዶ የሚያውቀው የሚኒባስ ሾፌር ጋ ይሄዳል። ሕዝቡ የሚሰማው እዚያ ነዋ!

እና መልሴ ምንድን ነው? ውድ ስፒከር ለኮምፒውተር ያዋጣል? ለአንዳንድ ሰው አዎ። በድምፅ እንጀራውን የሚበላ፣ ማለትም ሙዚቃ የሚያቀናብር፣ ፊልም የሚያርም፣ የሬዲዮ ፕሮግራም የሚሠራ፣ የራሱ ክፍል ያለውና ክፍሉን ማስተካከል የሚችል ሰው ይግዛ። ዕዳ የሌለበት፣ ሙዚቃ ከልቡ የሚወድ፣ ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ከማዳመጥ ሌላ ሱስ የሌለው ሰውም ይግዛ፤ ደስታን በኪሎ የምንመዝንበት ምክንያት የለም። ለሌሎቻችን፣ ዜና ለምንሰማ፣ ስብሰባ በዙም ለምንገባ፣ ቃለ መጠይቅ ለምንገለብጥ፣ ሥራ እየሠራን ዘፈን ከበስተኋላ ለምናሰማ፣ አያዋጣም። ገንዘቡ ቀድሞ ሊሄድባቸው የሚገቡ ቦታዎች አሉ። በቅደም ተከተል ልናገር፦

አንደኛ፣ የምትቀዱ ከሆነ ማይክ። ደረት ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሲሆን፣ እጅ ላይ ካለ ስልክ ጋር አይወዳደርም። የተበላሸ ቅጂ በኋላ አይታከምም።

ሁለተኛ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባለሽቦ ሄድፎን። ክፍል አይፈልግም፣ ጎረቤት አይቀሰቅስም፣ በተመሳሳይ ዋጋ ከስፒከር የበለጠ ያሰማል። ድምፁን ግን አታስጩኹት፤ ጆሮ መለዋወጫ የለውም።

ሦስተኛ፣ ያለውን ስፒከር በሥርዓት ማስቀመጥ። ይህ በነጻ ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላታችሁ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። ትንሿ ስፒከር፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው፣ ከጆሮ እኩል ትሁን፤ ከሥር መጽሐፍ ደርድሩ። ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጉት። ጠረጴዛው እንዳይነዝር የአሮጌ ፍራሽ ቁራጭ ስፖንጅ ከሥሩ አስገቡ። እኔ ይህን ሳደርግ የሰማሁት ለውጥ፣ ስፒከር ከመቀየር ብዙም አያንስም።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ማጉያው በውስጡ የሆነ ጥንድ። ስትገዙ የራሳችሁን ላፕቶፕና የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የከፈተላችሁን ዘፈን አትመኑ፤ እሱ የሚያምርበትን ያውቃል። ሁለት ስታወዳድሩ ድምፃቸው እኩል ከፍ ይበል፤ ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ከቻላችሁ ደግሞ ዞር ብላችሁ፣ ሳታዩ ስሙ።

*

የእኔን 80 ሺህ ብር ነገር ላጠቃልል። ማይክ ገዛሁ። ሄድፎን ገዛሁ። ያገለገሉ ትናንሽ ስፒከሮች በ9 ሺህ ብር ከአንድ ሰው ገዛሁ፤ አሁን ይህን ስጽፍ ዝቅ ብለው እየዘፈኑ ነው፣ ሲስተር አልነቃችም። ከተረፈው የሁለት ወር ኪራይ ቀድሜ ከፈልኩ፤ ቀሪው ባንክ ነው።

ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። ከዚያ ሳይት ወጥቶ ሌላ ቦታ ብሎኬት ያቀብላል። ምሳ ሰዓት ላይ አጥሩ ሥር ተቀምጠን እርማቱን አሳየሁት፣ ለአሠሪው ቢሮም እርማቱን ራሴ ወስጄ በደረሰኝ እንዳስገባሁ ነገርኩት። ከዚያ፣ ይቅርታውን ለማሳመር ይሁን ራሴን ለመከላከል አላውቅም፣ አዲሱን ሄድፎን አድርጌለት የራሱን ድምፅ አሰማሁት። ስለ ሚክሰሩ፣ ስለ ላፕቶፑ ስፒከር፣ ስለ «ክ» እና «ቅ» አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ሄድፎኑን በጥንቃቄ አውልቆ፣ አቧራ እንዳይነካው በሸሚዙ ጠረግ አድርጎ መለሰልኝ።

«ስልኬ ግን እርስዎ ጋ ነበር አይደል ጋሼ?» አለኝ።

ነበር። ደብተሬ ላይ፣ ከስሙ አጠገብ፣ በራሴ እጅ የተጻፈ። የአንድ ደቂቃ ጥሪ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ዘገባ በፊት የሰዎቹን ቃል፣ በተለይ ቁጥርና ግስ ያለበትን፣ ደውዬ አነብላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይሰለቻል፣ አንዳንዱ ይስቃል። ከሦስት ሰው አንዱ ግን የሆነ ነገር ያርመኛል። ያም ሆኖ የዓለሙ አጋን በገና እንደዚያ ቀን አድርጎ የመስማት ፍላጎቴ አልጠፋም። ጓደኛዬ ቀጠሮ ሲሰረዝበት ይደውልልኛል፣ ሄጄ ጥግ ላይ ቁጭ እላለሁ።

እናንተስ በምን ነው የምትሰሙት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ወደ ለመድነው ወሬያችን እንመለሳለን። ቸር ይግጠመን።